ሐዘንም ተራ አለው

(በማኅበራችን የ10ኛ ዓመት በዓል ላይ ለወላጆችና ለታዳጊ ወጣቶች የተደረገ ንግግር፤ ተናጋሪው የማኅበሩ አባል የሆኑ የታክሲ ሹፌር ናቸው።)



የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ ስለ ወጣቶች እንድናገር ሲጠይቀኝ በመጀመሪያ የሰጠሁት መልስ «እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ አስተማሪም አይደለሁም» የሚል ነበር። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ሳልጨርስ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ እዚህ ኮሎምበስ ከመጣሁ ወዲህ ደግሞ ሥራዬ መሪ መጨበጥ ነው። የኮሚቴው ሰብሳቢ ግን «ሐኪም ስንፈልግ ሐኪም እንጠራለን፤ አንተ ያየኸውን ንገረን» አሉኝ። ስለዚህ ያየሁትን እናገራለሁ። ጉዳዬ ታዳጊ ልጆቻችን በክፉ ቀን ራሳቸውን እንዴት ይጠብቃሉ፣ ሌላውንስ እንዴት ይደግፋሉ የሚለው ነው። እነዚህ ሁለት ነገሮች ተነጣጥለው እንደማይሄዱ የተማርኩት ሁለት ጊዜ ነው፤ አንድ ጊዜ በወጣትነቴ ናይሮቢ ላይ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ እዚሁ ኒው አልባኒ፣ በገዛ ቤቴ ውስጥ።

ከናይሮቢው ልጀምር። በ1993 ዓ.ም. ሚያዝያ አዲስ አበባ ላይ የተነሳውን የተማሪዎች ንቅናቄና ግርግር በዕድሜ የምትቀርቡኝ ታስታውሱታላችሁ። ብዙ ሰው ሞተ፣ በሺህ የሚቆጠር ወጣት ታሰረ፤ ከተማሪውም በርካቶች ድንበር ተሻግረው ኬንያ ገቡ። እኔም ከተሻገሩት አንዱ ነበርኩ፤ ሃያ ዓመቴ ነበር። ናይሮቢ፣ ኢስሊ ሠፈር ውስጥ ስድስት ሆነን አንዲት ክፍል ተከራየን። ታናሻችን ገና አሥራ ስምንት ዓመቱ ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ የዚህ ልጅ እናት ማረፋቸው ተሰማ።

ታላቃችን «መርዶ በደንቡ ይነገራል» አለ። በማለዳ፣ ጎሕ ሳይቀድ፣ በአካባቢው ያሉትን አበሾች ሰብስበን ነገርነው። ከዚያ በኋላ ልጁ እህል አልቀምስ አለ፤ እንቅልፍም ራቀው። እኔ የቅርብ ጓደኛው ስለነበርኩ «ከጎኑ ንቅንቅ አልልም» ብዬ ሁለት ሌሊት ሳልተኛ፣ ሳልበላም ተቀመጥኩ። ጀግና የሆንኩ መስሎኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን ሻይ ላፈላ ብድግ ስል ተዝለፍልፌ ከከሰሉ ምድጃ አጠገብ ወደቅሁ። ታላቃችን አንስቶ ፊቴን ካጠበኝ በኋላ በቁጣ የተናገረኝን እስከ ዛሬ አልረሳውም። «አንተ ስትወድቅ የኛ ሐዘን ሁለት ይሆናል እንጂ የሱ አንድ እንኳን አይቀልም! ከዛሬ ጀምሮ ማስታመም በተራ ነው» አለ። እንዳለውም ሁለታችን ስንቀመጥ ሁለታችን እንተኛለን፤ አምስተኛው ወጥቶ የሚበላ ይፈልጋል። ልጁም ቀስ በቀስ እህል መቅመስ ጀመረ፤ ማልቀስም ቻለ።

ወገኖቼ፣ ይህ አዲስ ጥበብ አይደለም። የእድራችን ጥበብ ነው። አገር ቤት ሰው ሲሞት ድንኳኑን የሚተክል አለ፤ አግዳሚ ወንበሩን የሚያመጣ አለ፤ የዛሬን ምግብ አንዷ ጎረቤት ብታመጣ የነገውን ሌላዋ ታመጣለች፤ ከሐዘንተኛው ቤት የሚያድረውም እየተቀያየረ ያድራል። ማንም ብቻውን አይሸከምም፤ ስለዚህ ማንም ከሸክሙ ሥር አይሞትም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የምንለውም ለዚህ ነው።

እንግዲህ ወደ ኒው አልባኒ ልመለስ። ይህች ውብ ከተማ ናት። ነጫጭ የእንጨት አጥሯን፣ ጽዳቷን፣ ትምህርት ቤቶቿን አይተን፣ አቅማችንን ጨምቀን ለልጆቻችን ስንል መጣን። ይሁንና ልጆቻችን በዚህ ሁሉ ውበት መካከል ምን ተሸክመው እንደሚሄዱ እስቲ እንቁጠረው። ከመንግሥት ቢሮና ከኢንሹራንስ የሚመጣውን ደብዳቤ የሚያነቡልን እነሱ ናቸው። ለሐኪም የሚያስተረጉሙልን እነሱ ናቸው። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ የእናቱን ሕመም ስም ከእናቱ ቀድሞ ይሰማል፤ ደንግጦም ቢሆን ወደ አማርኛ መመለስ አለበት። አገር ቤት ክፉ ነገር ሲሆን ደግሞ፣ እኛ መርዶን ሰው ሰብስበን በደንብ የምንናገር ሰዎች፣ እነሱ ብቻቸውን መኝታ ቤት ተቀምጠው ከስልክ ላይ ያዩታል። ከኖቬምበር 2020 እስከ ኖቬምበር 2022 (እ.ኤ.አ.) በሰሜን ኢትዮጵያ የነበረውን ጦርነት፣ በ2023 ደግሞ በአማራ ክልል የተነሳውን ግጭት ስንቱ ልጅ እንደዚያ ተከታተለው? እኛ ሳሎን ውስጥ በስልክ ስንጮኽና ስናለቅስ ግድግዳው ድምፅ አያስቀርም።

በዚህ ላይ ኮቪድ መጣ። በማርች 2020 የኦሃዮ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ልጆቹ ከጓደኞቻቸው ተለይተው ቤት ገቡ። እኔ በአየር ማረፊያው ታክሲ ተራ ላይ ተሳፋሪ ሳላገኝ እውል ነበር፤ ሌሎቻችሁ ደግሞ መጋዘንና ሆስፒታል ውስጥ በፍርሃት ትሠሩ ነበር። ልጆቹን ማን አያቸው?

አሁን የቤቴን ልናገር። ልጄ እንድናገር ፈቅዳልኛለች፤ የጓደኛዋ ማንነት እንዳይታወቅ ግን አንዳንዱን ነገር ቀይሬያለሁ።

በዚያው ዓመት ክረምት፣ በረዶው በወደቀበት ሰሞን፣ ልጄ አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር። መብላት ቀነሰች፤ ዓይኗ ሥር ጠቆረ፤ ውጤቷም ወረደ። ከሥራ በሌሊት ስገባ በበሯ ሥር የስልኳ ብርሃን ይታየኛል። እኔም እንደማንኛውም አባት የመሰለኝን ፈረድኩ፤ «ይህ ስልክ ነው ያበላሻት» ብዬ ነጠቅኋት። ያን ጊዜ የጮኸችው ጩኸት የልጅ ኩርፊያ አልነበረም። እናቷ እጄን ይዛ «ቆይ፣ ይህ ሌላ ነገር ነው» አለችኝ።

በሃያ ዓመት የሹፌርነት ሥራዬ አንድ ነገር ተምሬያለሁ። ሰው መኪና ውስጥ ሆዱን ይከፍታል፤ ፊት ለፊት ስለማይተያይ ይቀለዋል። ስለዚህ «ተነሽ፣ ጃኬትሽን ልበሺ» ብዬ ይዣት ወጣሁ። ምንም ሳልጠይቅ ነዳሁ። መቼም ኒው አልባኒ አደባባይ አይቸግራትም፤ አንዱን ሁለት ጊዜ ዞርነው፣ ሌላውንም ዞርነው። በመጨረሻ፣

«አባዬ፣ ስልኩን ካልመለስክልኝ እሷ ብቻዋን ነው የምትሆነው» አለችኝ።

«ማናት እሷ?»

ዝም አለች። ትንሽ ቆይታ፣ «ለማንም እንዳትናገሪ ብላ አስምላኛለች። መኖር አልፈልግም ትለኛለች። ሌሊት ሌሊት ነው የሚብስባት። እኔ ከተኛሁ አንድ ነገር ብትሆንስ?» አለች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ሰባት ሳምንት።»

መኪናዬን ቤተ መጻሕፍቱ አጠገብ አቆምኩ፤ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነበር። እኔ ተኝቼ፣ የአሥራ አምስት ዓመት ልጄ ለሰባት ሳምንት ያለ ተቀያሪ ዘብ ስትቆም ኖራለች። ናይሮቢ ላይ ሁለት ሌሊት ጣለኝ፤ እሷ ሰባት ሳምንት ቆመች። እኔ ደግሞ ስልኳን ቀማኋት።

ያኔ ልነግራት የቻልኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። «ልጄ፣ ተራሽን ጨርሰሻል። አሁን የኔና የእናትሽ ተራ ነው።» አንገቷን ደፍታ እስኪወጣላት አለቀሰች።

በዚያው ሌሊት ከባለቤቴ ጋር ወደ ልጅቷ ቤት ሄድን። እናትየው የምናውቃቸው፣ የምናከብራቸው ሴት ናቸው። ጉዳዩን ስንነግራቸው መጀመሪያ ያሉት «ልጄ ደህና ናት፤ እባካችሁ ስሟን አታጥፉብኝ» ነው። አልፈርድባቸውም። እኛ ባደግንበት ዘመን በአገሪቱ ያለው የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል አማኑኤል ብቻ ነበር ማለት ይቻላል፤ ስሙም ከሕክምናው ይልቅ ለስድብ ያገለግል ነበር። እናት «ልጅሽ ጨንቋታል» ስትባል የምትሰማው «ልጅሽ አብዳለች፣ የሚያገባትም አይገኝም» የሚል ነው። ሆኖም ባለቤቴ «እሜቴ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ደረጃውን ወጥተው ይዩዋት» ብላ ለመነቻቸው። ወጡ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ዓይናቸው ቀልቶ ወረዱና «ወዴት ነው የምንወስዳት?» አሉን። በዚያው ሌሊት ወደ ሕክምና ወሰድናት።

ልጅቷ ዛሬ በሕይወት አለች፤ ኮሌጅ ትማራለች። ነገር ግን እውነቱን ሳልሸፍን ልንገራችሁ፤ ልጄን «ከዳሽኝ» ብላ ሁለት ወር አላነጋገረቻትም። ልጄም «ደግ አደረግሁ ወይስ ክፉ?» እያለች ተሰቃየች። ከሁለት ወር በኋላ ስልክ ደወለችላት። ምን እንደተባባሉ አልጠየቅሁም። ልጄ ያን ቀን ግን ሁለት ሳህን በላች።

ይህ የኛ ቤት ብቻ ታሪክ እንዳይመስላችሁ። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል በ2021 (እ.ኤ.አ.) የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ጠይቆ ነበር። ቢያንስ ለሁለት ተከታታይ ሳምንታት፣ በየቀኑ ለማለት በሚቻል ሁኔታ፣ የዘወትር ተግባራቸውን እስኪያቋርጡ ድረስ ሐዘን ወይም ተስፋ መቁረጥ ተሰምቷቸው እንደነበረ ከ100ው 42ቱ መልሰዋል፤ ከልጃገረዶቹማ ከ100ው 57ቱ። በ2023 ሲጠየቁም ቁጥሩ 40 ነበር። በኦክቶበር 2021 የአገሪቱ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር ከሌሎች ሁለት ማኅበራት ጋር ሆኖ የልጆች አእምሮ ጤና የአስቸኳይ ጊዜ ጉዳይ ነው ብሎ አውጇል።

አሁን ለናንተ ለልጆቻችን ልናገር።

አንደኛ፣ «ሰልፍ ኬር» የምትሉትን እኛ ወላጆች ስንሰማ ቅንጦት ወይም ራስ ወዳድነት ይመስለናል። ተሳስተናል። ራስን መጠበቅ ማለት ተራህ ሲደርስ ቆመህ እንድትገኝ መዘጋጀት ነው። የእንቅልፍ ሐኪሞች ከ13 እስከ 18 ዓመት ላለ ልጅ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል ይላሉ። ስለዚህ ሌሊት ስልኩ ከመኝታ ክፍል ውጪ ይደር። ቁርስ ብሉ። ኳሱንም፣ ሩጫውንም፣ ጸሎቱንም አትተዉ። የአገር ቤትን መከራ በቪዲዮ እየደጋገሙ ማየት የሞተውን አያስነሳም፤ የሚያየውን ግን ይሰብራል። አንድ ጊዜ ስማ፣ አልቅስ፣ ከቤተሰብህ ጋር ተነጋገር፣ ከዚያ ዝጋው።

ሁለተኛ፣ ጓደኛህ ሲከፋው መፍትሔ ለማግኘት አትጣደፍ፤ መጀመሪያ ስማው። የምታስፈራ ነገር ከተናገረ ደግሞ ሳትሸማቀቅ «ራስህን ለመግደል አስበህ ታውቃለህ ወይ?» ብለህ በግልጽ ጠይቀው። መጠየቅ ሐሳቡን በሰው ልብ ውስጥ አይተክልም፤ ባለሙያዎች አጥንተው ያረጋገጡት ነው። ብዙውን ጊዜ የተጠየቀው ሰው እፎይ ይላል።

ሦስተኛ፣ ይህን ከሁሉ አብልጣችሁ ያዙልኝ፤ በሕይወት ጉዳይ ላይ ምስጢር ለመጠበቅ አትማሉ። «እወድሃለሁ፣ ስለዚህ ብቻዬን አልይዘውም» በሉ። ከምታምኑት ትልቅ ሰው ጋር በዚያው ቀን አገናኙት። ወላጅ፣ አስተማሪ፣ የትምህርት ቤት አማካሪ፣ የንስሐ አባት ወይም ኢማም ሊሆን ይችላል። አንዱ ካልሰማችሁ ወደ ሁለተኛው ሂዱ። ከጁላይ 2022 ጀምሮ በመላ አሜሪካ በማንኛውም ሰዓት 988 ብሎ መደወል ወይም በዚያው ቁጥር የጽሑፍ መልእክት መላክ ይቻላል። ለጓደኛው የተጨነቀ ሰውም መደወል ይችላል። አደጋው የደረሰ መስሎ ከታያችሁ ደግሞ 911 ነው። እዚሁ ኮሎምበስ የሚገኘው ኔሽንዋይድ ቺልድረንስ ሆስፒታልም በማርች 2020 ለልጆችና ለወጣቶች አእምሮ ጤና ራሱን የቻለ ሕንፃ ከፍቷል። ጓደኛ ናችሁ እንጂ ሐኪም አይደላችሁም፤ ጓደኛ መሆንም ትንሽ ነገር አይደለም።

ወላጆች ሆይ፣ ተራው ወደኛ ይዞራል።

«ምን ጎደለህ? እኔ ባንተ ዕድሜ ባዶ እግሬን ነበር የምማረው» የሚለውን ንግግር እንተወው። እውነት ነው፣ ባዶ እግራችንን ሄደናል፤ ግን ብቻችንን አልሄድንም፤ መንደሩ ሁሉ ያየን ነበር። ልጅ የጓደኛውን ምስጢር ይዞ ሲመጣ ተናጋሪውን አንቅጣ፣ ወሬውንም ለቡና አናውርድ። አንድ ጊዜ ከተወራ ሁለተኛ የሚነግረን ልጅ አይኖርም። ሆስፒታል ስንሄድም ልጃችንን አስተርጓሚ አናድርግ። ድንገተኛ አደጋ ካልሆነ በቀር ሐኪም ቤቶች በልጅ አስተርጓሚነት እንዳይጠቀሙ የፌዴራል ደንብ ይከለክላል። «የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ማለት መብታችን ነው፤ አገልግሎቱም በነጻ ነው። ይህን አንድ ነገር ብቻ እንኳን ብናደርግ ከልጆቻችን ጫንቃ ላይ ትልቅ ድንጋይ እናነሳለን።

ከመጨረሴ በፊት የአንድ አፍሪካዊ ሐኪም ሥራ ልጥቀስ። ዲክሰን ቺባንዳ የተባሉ የዚምባብዌ የአእምሮ ሐኪም አንዲት ወጣት ታካሚያቸው ራሷን አጠፋች፤ ወደሳቸው ለመምጣት የአውቶቡስ ሒሳብ 15 ዶላር አጥታ ነበር የቀረችው። ሐኪሙ በ2006 (እ.ኤ.አ.) ሐራሬ ውስጥ 14 አያቶችን አሠልጥነው ከክሊኒክ ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጧቸው። ሰው መጥቶ አጠገባቸው ይቀመጣል፤ አያቶቹ ያዳምጡታል። በሾና ቋንቋ ሕመሙን «ኩፉንጊሲሳ» ይሉታል፣ አብዝቶ ማሰብ ማለት ነው። «ሐሳብ በዛብኝ» የሚለው የኛው አነጋገር አይደለምን? በ2016 የወጣ ጥናት ከስድስት ወር በኋላ ከአያቶቹ ጋር የተቀመጡት ሰዎች ከሌሎቹ በእጅጉ እንደተሻላቸው አሳይቷል። እኛ አግዳሚ ወንበሩም አለን፣ አያቶቹም አሉን፣ ቡናውም አለን። የጎደለን ተራ ማውጣት ብቻ ነው።

አዲስ አበባ ታክሲ ተራ ላይ ተራ አስከባሪ የሚባል ሰው አለ። እሱ ከሌለ ጉልበተኛው ይገባል፣ ደካማው ሲጋፋ ይውላል። ልጆቻችን ዛሬ ተራ አስከባሪ የላቸውም። ከመካከላቸው ደጉና አዛኙ ሁልጊዜ ተረኛ ነው፤ እስኪወድቅ ድረስ።

ስለዚህ ለማኅበራችን ሁለተኛ አሥር ዓመት አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። በየወሩ ሁለት ተረኞች ይኑሩን፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት። ሥራቸው ሕክምና መስጠት አይደለም። ስልካቸው በማንኛውም ሰዓት ክፍት ይሆናል፤ ልጅ ሲደውል ያነሳሉ፣ ያዳምጣሉ፣ ወላጅ ዘንድ መሄድ ካስፈለገ አብረው ይሄዳሉ፣ ሐኪም ዘንድ ማድረስ ካስፈለገም ያደርሳሉ። ለማድረሱ እንኳን እኔ አለሁ፤ ለዚህ ጉዞ ታክሲዬ ሒሳብ አይቆጥርም። ለአንድ ዓመት የሚያስፈልጉን 24 ሰዎች ናቸው።

ኮሚቴውን አስፈቅጄ በበሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ 24 መስመር ያለው ወረቀት አስቀምጫለሁ። በመጀመሪያው መስመር የኔ ስም ተጽፏል፤ በሁለተኛው የባለቤቴ። ሃያ ሁለቱ ባዶ ናቸው። እንጀራው ከመቅረቡ በፊት እዚያ ጋ ጎራ በሉ። ልጆቻችሁ ከዚህ ወንበር ሆነው ማን እንደሚጽፍ እያዩ ነው።

ፈጣሪ ልጆቻችንን ይጠብቅልን፤ ማኅበራችንን ያጽናልን።